የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የእርጅና ዘመን አገልግሎት

ከቆቦ ወደ ደሴ የሚጓዝ የራያ ምእመን ሐይቅ እስጢፋኖስን በመንገዱ ያገኛል። ዳሞትን በስብከት ያዳረሱት ጻድቁ አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚህ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥር ተምረው አገልግለዋል፤ በኋላም ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለውን ደብረ አስቦን መሠረቱ።

ዕድሜያቸው ሲገፋ የስብከቱን ጉዞ ትተው በዓታቸውን ዘጉ። ገድላቸው እንደሚነግረን፥ በዙሪያቸው ስምንት ጦር ተክለው ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው ተሰበረ፤ በቀረው ሰባት ዓመት ቆሙ። ይህን ጡረታ ማለት ይከብዳል። ጉልበቱ የደከመ ካህን ቅዳሴውን ለወጣቶች ቢለቅ፥ ጸሎቱን ግን ማን ይረከበዋል?

በ99 ዓመታቸው ነሐሴ 24 ቀን ሲያርፉ አቡነ ኤልሳዕ ተተኩ፤ እርሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ስላረፉ አቡነ ፊልጶስ ተሾሙ። ሁለቱም ያደጉት በእጃቸው ነበር።