በላይ ዘለቀና የሲኒማ እውነት

ስለ ጦርነት የተሠራ ፊልም ባየን ቁጥር፣ ያ ወታደር በእውነት እንዲህ ነበርን ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው። የሊቢያው አርበኛ ዑመር አል ሙክታር በ1924 ዓ.ም. በኢጣሊያኖች እጅ ተሰቀለ። ታሪኩ በ1973 ዓ.ም. ፊልም ሆኖ በወጣ ጊዜ የኢጣሊያ መንግሥት በአገሩ እንዳይታይ ከለከለ። የኛው በላይ ዘለቀም ከዚያው ጠላት ጋር ተዋግቷል፤ የተሰቀለው ግን በወገኑ ፍርድ ነው። ስለዚህ የርሱን ሕይወት ሳይሸፋፍኑ በመጋረጃ ላይ ማሳየት የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል።

በሮብ ገበያ፣ በቢቸናና በሞጣ አገር አባ ኮስትር የተባለው በላይ ዛሬም በፉከራና በቀረርቶ ይነሣል። አባቱ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ ሰው ነበሩ፤ በዚሁም ሳቢያ በመንግሥት ጦር ተገደሉ። ልጃቸው ቂም ይዞ አደገ፤ ጠላት ከመግባቱም በፊት ሸፍቶ ነበር። ይህን የሚደብቅ ፊልም ገና ከመነሻው ይዋሻል።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር የሉቼ ተቋም ካሜራዎች ከጦሩ ጋር ገቡ። መንገድ ሲጠረግና ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አሳዩ፤ በመርዝ ጢስ የተቃጠለውን ገበሬ ግን አላሳዩም። የኢጣሊያ የመከላከያ ሚኒስቴር የመርዙን ነገር ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው። ካሜራ የሚዋሸው ያልሆነውን በመጨመር ብቻ ሳይሆን የሆነውን በመተውም ነው።

በላይ በእነዚያ ዓመታት የምሥራቅ ጎጃምን ገበሬ አስተባብሮ ተዋጋ። ደመወዝ የለም፤ ጠመንጃው ከጠላት የተማረከ፣ ስንቁም ባላገሩ ከጎተራው የሚያወጣው ነው። ለተከታዮቹ ማዕረግ በገፍ ሲሰጥ፣ ለራሱ ግን እናቱ ያወጣችለት ስም ይበቃኛል ማለቱ ይነገራል።

ነገር ግን አንድ የሚከብድ ምዕራፍ አለ። በ1933 ዓ.ም. የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ዓባይን ሊሻገር ሲል፣ መንገዱን መዝጋት የሚችለው በላይ ነበር። ጠላት ግን ተሻገረ። የእንግሊዝ መኮንኖች በጻፉት ታሪክ፣ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ገብተው አግባብተውታል ይላሉ። ይህን ለማጣራት ብንፈልግ እንጣራ፤ ለማስዋብ ብለን ግን አንለፈው።

ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን እንዲገዛ ተሾመ። ሌሎች በላዩ መሾማቸው ከነከነው፤ ከመንግሥትም ጋር ተጣላ። ጦር ተላከበት፤ በሶማ ተራራ ተዋግቶ በመጨረሻ እጁን ሰጠ። የሞት ፍርዱ ወደ እሥራት ተለውጦለት ሳለ ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከወህኒ አመለጠ፤ ተይዞም በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ማሞ ኃይሉ በወረራው ዘመን ለጠላት ያደረ ሰው ነበር። አርበኛውና ባንዳው በአንድ ቀን ተሰቀሉ።

ከመካከላችን አንድ ቀን ካሜራ የሚያነሣ ቢገኝ፣ ፊልሙን በድል ቀን እንዳይጨርሰው አደራ እንላለን። ሽፍትነቱን፣ ጀግንነቱን፣ የዓባይን ማሻገሪያና ገመዱን አንድ ላይ ቢያሳየን በላይ አያንስብንም። እንዲያውም እንደኛው ሰው መሆኑን እናያለን፤ አብረውት የዘመቱት፣ ስማቸው ያልተጻፈው ገበሬዎችም ያን ጊዜ ታሪካቸውን ያገኛሉ።