ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፡ መኪና ሊማሩ ጀርመን ወርደው ሸክላ ይዘው የተመለሱት ሰው

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ1908 አንድ የቤተ መንግሥት ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ጀርመን አቀኑ። የተላኩት መኪና መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ነበር። ሙያውን ቀስመው ተመልሰዋል፤ በቆይታቸው ግን ማንም ያላዘዛቸውን ሌላ ሥራም ሠርተዋል። በኢትዮጵያዊ ድምፅ የተቀረጹትን የመጀመሪያዎቹን የሙዚቃ ሸክላዎች ያስቀሩልን እሳቸው ናቸው።

እኚህ ሰው በኋላ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ተብለው የታወቁት ባለቅኔ ናቸው። የሙዚቃ ወዳጆች በሸክላዎቻቸው ያስታውሷቸዋል። የእግር ኳስ ወዳጆች ደግሞ የይድነቃቸው ተሰማ አባት መሆናቸውን ያውቃሉ። ወደ ጀርመን የወሰዳቸው የመኪና ነገር ግን ከሁለቱ ያነሰ ሲወራለት ኖሯል። ታሪኩ የሚጀምረው ለአንድ ንጉሠ ነገሥት ከቀረቡ ሁለት ተፎካካሪ መኪኖች ነው።

እንግሊዛዊቷና ጀርመናዊቷ

ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ለአዳዲስ መሣሪያዎች የነበራቸው ጉጉት የታወቀ ነው። ስልክ፣ ፖስታ፣ ባንክና ሆቴል በዘመናቸው ገብተዋል። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር እያለ የሚጠራው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫም በከተማዋ ታይቷል። በዚህ ጉጉት ላይ ብዙ ተረት ተጨምሮበታል። ንጉሠ ነገሥቱ ለሞት ቅጣት የሚያገለግል የኤሌክትሪክ ወንበር አስመጥተው፣ መብራት ባለመኖሩ ዙፋን አደረጉት የሚለው ወሬ ለምሳሌ ማስረጃ የለውም። የመኪኖቹ ነገር ግን እውነት ነው።

እአአ በ1907 መጨረሻና በ1908 መጀመሪያ ገደማ ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘች፣ 18 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። የሰውየው ስም በ1919 ከተቋቋመው የቅንጡ መኪኖች ኩባንያ ስም ጋር መግጠሙ አንባቢን እንዳያሳስት፤ መኪናዋ ከዎልስሊ ፋብሪካ ወገን ናት። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ፣ በሳክሶኒ ግዛት ኮስቪግ በተባለች ከተማ የተሠራች ናከ የተሰኘች መኪና ይዞ መጣ። የሁለቱም ጉዞ በየአገራቸው መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል።

ለንጉሠ ነገሥት መኪና ማቅረብ ከስጦታነት ያለፈ ትርጉም ነበረው። የአውሮፓ መንግሥታትና ነጋዴዎች ከአድዋ ድል በኋላ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ዘንድ ተሰሚነት ለማግኘት ይሽቀዳደሙ ነበር። ጥሩ መኪና የሠራ አገር ጥሩ ጠመንጃ፣ ጥሩ ማሽንና ጥሩ መሐንዲስም አለው ተብሎ ይታሰባልና ፉክክሩ ብዙ ነገር የተንጠለጠለበት ነበር።

ደስታና ዋጋ

ዛሬ ቅንጡና ፈጣን የቤት መኪኖችን የሚያወዳድር ሰው ሁለት ጥያቄ ያነሣል። መኪናዋ ለሚይዛት ሰው ምን ያህል ደስታ ትሰጣለች? ለወጣባት ገንዘብስ ምን ያህል ታገለግላለች? በምኒልክ ግቢ የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ አላከራከረም። ንጉሠ ነገሥቱ ተሳፈሩ፣ ወደዱትም። መሳፍንቱና መኳንንቱ በፈረስ ስማቸው በሚጠሩበት፣ እሳቸውም አባ ዳኘው በሚባሉበት አገር፣ ያለ ፈረስ የሚሮጥ የ18 ፈረስ ጉልበት ማየት ምን ያህል እንደሚያስገርም መገመት አይከብድም።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ እንደዚያ ዘመኖቹ ያለ ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። 18 የፈረስ ጉልበት ተብላ የተሸጠች መኪና ከእንጦጦ ግርጌ ስትደርስ ወደ 14 ትወርዳለች ማለት ነው። የባቡር ሐዲዱ ደግሞ ከ1902 ጀምሮ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በመካከሉ ባለው ረጅም መንገድ ቤንዚኑም፣ ዘይቱም፣ ጎማውም በእንስሳት ጀርባ መጓጓዝ ነበረበት። መኪናዋን ለማንቀሳቀስ በመጀመሪያ ግመልና በቅሎ ያስፈልግ ነበር።

የመንገዱም ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደውና ምኒልክ ያሠሩት መንገድ ለዘመኑ ጥሩ የሚባል ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው የበቅሎ መንገድ ነው። በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ሜዳ ወይም በኡም ጋርጉር አካባቢ ክረምትን ያሳለፈ አንባቢ ነገሩን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲጠግብ ጎማ ይይዛል፤ ያን ጊዜ የመኪናዋ ስምና የወንበሯ ቆዳ ዋጋ የላቸውም፤ የሚጠየቀው ከጭቃው መውጣቷ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የጎደለው ሰው ነበር። ያመጣት ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ከአገሬው መካከል ሞተሩን ፈትቶ የሚገጥም ከሌለ፣ መኪናዋ በግቢ የምትቀመጥ ውድ ዕቃ ሆና ትቀራለች። ምኒልክ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ከሁለቱም መኪኖች ግዢ የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል። ከሆልትስ ጋር የራሳቸውን ሰው ላኩ።

የምንጃሩ ልጅ በጀርመን

ተሰማ እሸቴ የተወለዱት በ1870ዎቹ በሸዋ፣ ምንጃር ነው። ያደጉት ከቤተ መንግሥት ሳይርቁ ሲሆን፣ በሰምና ወርቅ ግጥማቸውና በፈጣን አንደበታቸው ቀድመው ታውቀው ነበር። መካኒክ ለመሆን የሚያበቃ የፋብሪካ ልምድ አልነበራቸውም፤ በአገሩም ለማንም አልነበረም።

የዚያን ጊዜ ሹፌርነት የዛሬውን አይመስልም። ሞተሩ የሚነሣው ከፊት በሚሰካ የብረት እጀታ በክንድ ኃይል እየተሽከረከረ ነው፤ እጀታው ወደ ኋላ ከመታ ክንድ ይሰብራል። በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር በካዲላክ መኪኖች ላይ የመጣው በ1912 ነው። ማርሽ ሲቀየር ጥርሶቹ እንዳይፋጩ ጆሮ ያስፈልጋል። ጎማ በየጉዞው ይፈነዳል። ስለዚህ ሹፌር የሚባለው መሪ የሚይዘው ብቻ ሳይሆን በየመንገዱ እየወረደ የሚጠግነው ጭምር ነበር። ቅኔ የለመደ ጆሮ ለሞተር ድምፅም ሳይጠቅም አልቀረም።

ጊዜውም ለተማሪ የተመቸ ነበር። የልዑል ሃይንሪሽ ውድድር የሚባለው የመኪና ጉዞ በጀርመን የተጀመረው በዚያው በ1908 ነው። የሚወዳደሩት ተሳፋሪ የሚይዙ የጉዞ መኪኖች ሲሆኑ፣ ረጅም መንገድ ተጉዘው ፍጥነታቸውም ይፈተን ነበር። በ1910 ያሸነፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ፣ ራሱ የነደፋትን አውስትሮ ዳይምለር እየነዳ ነው። ቤተሰብም የምትይዝ፣ ነጂዋንም የምታስደስት መኪና የሚለው ሐሳብ ከነዚያ ውድድሮች ብዙ ወስዷል። ከአትላንቲክ ማዶ ደግሞ ሄንሪ ፎርድ በ1908 ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና በ850 ዶላር ገበያ ላይ አውጥቶ፣ ክርክሩን ከደስታ ወደ ዋጋ አዞረው።

ተሰማ በጀርመን ሳሉ ዜማቸው ከቀረጻ ሰዎች ጆሮ ደረሰ። በ17 ሸክላዎች ላይ ድምፃቸው ተቀረጸ። በአገር ቤት ዘፈን የአዝማሪ ሥራ ተደርጎ በሚናቅበት ዘመን፣ የቤተ መንግሥት ሰው በሸክላ መዝፈኑ ቀላል ነገር አልነበረም። ይሁንና ዛሬ ከጉዟቸው ሁሉ በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ የቀረው ይኸው ነው።

ከመሪው ወደ ሹመት

ተሰማ ሲመለሱ የላኳቸው ንጉሠ ነገሥት ጤና አልነበሩም። ምኒልክ በ1909 በደረሰባቸው ከባድ የደም መፍሰስ ሽባ ሆነው ከመንግሥት ሥራ ርቀው ነበር፤ በታኅሣሥ 1913 አረፉ። ተሰማ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሹፌሮች አንዱ ሆነው ይታወሱ እንጂ፣ ሙያቸው ከላኪያቸው ዘንድ ሊሰጥ ይችል የነበረውን ጥቅም ሳይሰጥ ዘመኑ ተለወጠ።

ወራሹ ልጅ ኢያሱ ግን ወደዷቸው። ተሰማ ከቅርብ ባለሟሎች አንዱ ሆኑ፤ ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግም አገኙ። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። ከምጽዋና ከዘይላ አቅጣጫም ሆነ ከገዳሪፍ በመተማ በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚዳኘውና ቀረጥ የሚከፍለው በነጋድራሶች ሥር ነበር። በአውሮፓ ማሽን የተማሩ ሰው ወደ ሸቀጥና ወደ ቀረጥ ዓለም መሻገራቸው በዘመኑ እንግዳ አልነበረም፤ ችሎታ በሹመት የሚሸለምበት፣ ሹመትም ከጌታ ጋር የሚወድቅበት ሥርዓት ነበር።

በመስከረም 1916 ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ተሰማም ወደቁ። ለግዞት ተዳረጉ፤ ባለሟልነታቸው በዚያ አበቃ። ልጃቸው ይድነቃቸው በ1921 የተወለደው በጅማ ነው። የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ገብቶ መኪኖች በከተማዋ ሲበራከቱ፣ ጥበቡን ከምንጩ የቀዱት ሰው ከመድረኩ ርቀው ነበር።

ረጅም ዕድሜ ኖረዋል። የጣልያንን ወረራና በወረራው ዘመን የተዘረጉትን መንገዶች አይተዋል። በአውሮፓ ጃጓር በ1959 ማርክ ቱን፣ ቢኤምደብሊው ደግሞ በ1962 ባለ 1500ውን ሞዴል ገበያ ላይ ሲያወጡ፣ ባለ አራት በር የቤት መኪና እንደ እሽቅድምድም መኪና ማስደሰት እንደሚችል ለሰፊው ገዢ ማሳየት ጀመሩ። በዚያው በ1962 ይድነቃቸው ያሠለጠኑት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን አነሣ። አባት ያረፉት በ1964 ነው።

ይድነቃቸው ከ1972 እስከ ሕይወታቸው ማለፊያ 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መርተዋል። የአባታቸውን ቅኔዎችም አሰባስበዋል። የጀርመኖቹ ሸክላዎች ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆነው እንደገና ታትመው ወጥተዋል፤ መኪና ሊማሩ የሄዱት ሰው ድምፅ ዛሬም ይሰማባቸዋል።