ኒቆማኮስ ዘጌራሳ እና ፍጹሙ ቁጥር 8128

ከዮርዳኖስ ዋና ከተማ ከአማን፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ካለው ተላዕ አል-ዓሊ ሠፈር ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ 50 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ጀራሽ ይደርሳል። የድንጋይ ዐምዶቿ እስከ ዛሬ የቆሙት ይህች ከተማ በጥንት ስሟ ጌራሳ ትባል ነበር፤ አማንም ያኔ ፊላደልፍያ ነበረች። ሁለቱም በወንጌል አሥር ከተማ ተብሎ በሚጠራው አገር ይቆጠሩ ነበር።

የሒሳብ ሊቁ ኒቆማኮስ የዚህች የጌራሳ ሰው ነው። የኖረው በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ2ኛው መጀመሪያ ገደማ (እ.ኤ.አ) ነበር። ስለ ቤተሰቡ የተጻፈ የለም ማለት ይቻላል፤ ሕይወቱ የሚታወቀው በመጻሕፍቱ ነው። ፓይታጎራስን የሚከተል ፈላስፋ ስለነበር ቁጥር ለእርሱ የገበያ መቁጠሪያ ብቻ ሳይሆን የፍጥረት ሥርዐት መሠረት ነበር።

በግሪክኛ በጻፈው የሥነ ቁጥር መግቢያ ቁጥሮችን እንደ ጠባያቸው ይለያል። አካፋዮቹ ሲደመሩ ከራሱ የሚበልጡበትን ቁጥር ብዙ እጅ ካለው ፍጥረት፣ የሚያንሱበትን ደግሞ አንድ ዐይን ካለው ጋር ያነጻጽራል። እኩል የሚሆንለት ፍጹም ይባላል። ያቀረባቸው ፍጹማን አራት ናቸው፦ 6፣ 28፣ 496 እና 8128።

የመጨረሻው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 127፣ 254፣ 508፣ 1016፣ 2032 እና 4064 ሲሆኑ ድምራቸው ተመልሶ 8128 ይሆናል። ከ1 እስከ 127 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ቢደመሩም ውጤቱ ያው ነው። ኒቆማኮስ ቁጥሩን የጻፈው በፊደል ነበር፤ ግሪኮች ፊደላቸውን በአኃዝነት ይጠቀሙ ነበርና። የግእዝ አኃዞችም ከዚያው ሥርዐት የመነጩ ሲሆኑ 8128 በእነርሱ ፹፩፻፳፰ ተብሎ ይጻፋል።

መንገዱን ከእርሱ በፊት ዩክሊድ አሳይቶት ነበር። ከ1 ጀምሮ እጥፍ እጥፉን እየደመሩ ሄደው ድምሩ ብቸኛ ቁጥር ሲሆን በመጨረሻው ተደማሪ ያባዙታል፤ ከ1 እስከ 64 ያለው ድምር 127 ነው፣ 127 በ64 ሲባዛ 8128 ይሰጣል። ዩክሊድ ማረጋገጫ ሲያቀርብ ኒቆማኮስ ግን በምሳሌ ብቻ ያልፋል። ከአራቱ ተነስቶም በአሃዶች፣ በአሥሮች፣ በመቶዎችና በሺዎች እርከን አንድ አንድ ፍጹም እንደሚገኝ፣ መጨረሻቸውም 6 እና 8 እየተፈራረቀ እንደሚሄድ ደመደመ።

መጽሐፉ ግን ሩቅ ተጓዘ። ቦኤቲየስ ወደ ላቲን አሻገረው፤ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሳቢት ኢብን ቁራ ወደ ዐረብኛ ተረጎመው። በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ሥነ ቁጥር የተማሩት ከዚሁ ምንጭ ነበር፤ ስሕተቱም አብሮ ተሻገረ። አምስተኛው ፍጹም ቁጥር 33,550,336 ሆኖ ሲገኝ አምስት፣ ስድስትና ሰባት አኃዝ ያላቸው እርከኖች ባዶ መሆናቸው ታወቀ። ስድስተኛው 8,589,869,056 ደግሞ እንደ አምስተኛው በ6 ስለሚያበቃ መፈራረቁን አፈረሰው።

ኒቆማኮስ ፍጹማን ሁሉ በዚያ መንገድ ብቻ ይገኛሉ ብሎ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኦይለር ይህ ለተጋማሽ ቁጥሮች እውነት መሆኑን አረጋገጠ፤ ጎዶሎ የሆነ ፍጹም ቁጥር መኖር አለመኖሩ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም።