ዐፄ ቴዎድሮስና የሴባስቶፖል ጕዞ

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጀግንነት ብዙ ተጽፎአል፤ ገናም ይጻፋል። እኔ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የእርሳቸውን ታሪክ ለመጻፍ ስነሣ ግን ከታሪክ መጻሕፍት ጋራ የፊዚክስ ደብተሬንም አጠገቤ አድርጌአለሁ። ይህን ያደረግሁበት ምክንያት አለኝ። በክፍል ውስጥ ስለ ኀይል፥ ስለ ሥራና ስለ ጉልበት ስንማር የሚሰጠን ምሳሌ ሁልጊዜ በጠረጴዛ ላይ የሚንሸራተት ቍራጭ እንጨት ነው። በአገራችን ታሪክ ውስጥ ግን ሰባት ቶን የሚመዝን ምሳሌ አለ።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። በቤታችን በምንናገረው አማርኛ ኀይልና ጉልበት ያው ናቸው፤ ብርቱ ሰው ኀይለኛም ጉልበተኛም ይባላል። በፊዚክስ ግን ኀይል ማለት መግፋት ወይም መጐተት ነው፤ የሚለካውም በኒውተን ነው። ሥራ የሚባለው ያ ኀይል ዕቃውን ወደሚገፋበት አቅጣጫ ሲያንቀሳቅሰው ነው፤ ኀይሉን በተሄደው ርቀት አባዝተን በጁል እንቈጥረዋለን። ጉልበት ደግሞ ሥራ ለመሥራት የሚያስችለው ስንቅ ነው፤ በእህል፥ በድንጋይ ከሰል፥ በባሩድ ውስጥ፥ ከፍ ካለ ቦታ በተቀመጠ ቋጥኝም ውስጥ ይገኛል። አንድ ሰው ግድግዳ ሲገፋ ቢውል ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ ግድግዳው ካልተነቃነቀ ግን በግድግዳው ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ይህን ሕግ መጀመሪያ ስንሰማው ብዙዎቻችን ግፍ መስሎን ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ. ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ካሣ ነው። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበረ በጎንደር ዙፋን ላይ የሚቀመጡት ነገሥታት ከስም በቀር ሥልጣን አልነበራቸውም፤ አገሩን የሚያዝዙት እርስ በርሳቸው የሚዋጉ መሳፍንት ነበሩ። ካሣ አባታቸው በልጅነታቸው ሞቱባቸው፤ በገዳም ፊደል ቈጠሩ፤ ካደጉ በኋላ በቋራ በረሓ ሸፍተው ብዙ ተከታይ አፈሩ። ከዚያም ከራስ ዓሊ ጋራ ታርቀው ልጃቸውን ተዋበችን አገቡ።

ለእኔ ጽሑፍ ዋናው ነገር የመጣው በ1840 ዓ. ም. ነው። በዚያ ዓመት ካሣ በምዕራቡ ጠረፍ ደባርቂ ላይ ምሽግ ይዞ የተቀመጠውን የግብጽ ጦር ገጠሙ። ወታደሮቻቸው በድፍረት ቢሮጡም መድፉ አስቀራቸው። ጦር የሚወረውር ክንድ ጉልበቱን የሚያገኘው ከበላው እህል ነው፤ ያም በጡንቻ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። መድፍ ግን በቅጽበት ከሚነድ ባሩድ ይቀበልና ከዚያ ከፊሉን ለአሩሩ የእንቅስቃሴ ጉልበት አድርጎ ይሰጠዋል። ካሣ የተሸነፉት በወንድነት አልነበረም፤ ነገሩም ገብቶአቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው መድፍ የማግኘት አሳብ ከልባቸው አልወጣም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋልና ባጭሩ ላሳልፈው። በ1845 ዓ. ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፥ በዚያው ዓመት አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፥ በ1847 ዓ. ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረጉ። በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የተከፋፈለውን አገር አንድ ለማድረግ፥ ለወታደሩ ደመወዝ ለመቍረጥ፥ መንገድም ለማበጀት ተነሡ። በመንገድ ሥራ ላይ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ ይታዩ ነበር፤ መኳንንቱም ንጉሣቸው ድንጋይ ሲሸከሙ እያዩ እጃቸውን አጣጥፈው መቆም አልቻሉም።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በምትባል ቦታ የእጅ ሙያ የሚያውቁ ከስዊስና ከጀርመን የመጡ ሚሲዮናውያን ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ዋልድማየር ነው። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩ አዘዙአቸው። እነዚያ ሰዎች የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ ስለ ሆነ መድፍ ማቅለጥ አናውቅም ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ደጋግመው ሞክረው ግን ተሳካላቸው። የመጨረሻውና ትልቁ መድፍ ሰባት ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ስሙም በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ለብዙ ወራት ተከባ በቆየችው በሩሲያ ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ።

መድፉ ሲፈስ አገሩ ከእጃቸው እየወጣ ነበር። በ1855 ዓ. ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት የወዳጅነት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ በዚህ ተቈጥተው ቆንስሉን ካሜሮንን፥ ቀጥሎም ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ወጣቱ ምኒልክ በ1857 ዓ. ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ፤ ላስታ፥ ትግሬና ጎጃምም ሸፍተው ነበር። ንጉሡ በ1859 ዓ. ም. ጎንደርን አቃጠሉ። ለወታደሩ ቀለብ የሚሆነው እህል ከገበሬው ጐተራ በግድ ይወሰድ ስለ ነበረ የቀረውም ሕዝብ ሸሻቸው። በጥቅምት ወር 1860 ዓ. ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ የቀረውን ሠራዊት፥ ሴቱንና ሕፃኑን፥ እስረኞችንና መድፎችን ይዘው ወደ መቅደላ አምባ ጕዞ ጀመሩ።

አሁን ደብተሬን ልግለጥ።

ሰባት ቶን 7,000 ኪሎ ግራም ነው። ምድር አንዱን ኪሎ የምትስብበት ኀይል 9.8 ኒውተን ስለ ሆነ የመድፉ ክብደት 68,600 ኒውተን ይሆናል። ወደ መቅደላ ለመድረስ የጅጣንና የበሽሎን ገደሎች መውረድና መውጣት ግድ ነው፤ የእያንዳንዱም ጥልቀት ወደ አንድ ሺሕ ሜትር ይጠጋል። የሰበታ ተማሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ቀና ብሎ የወጨጫን ተራራ ማየት ይበቃዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ስትገኝ የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ሴባስቶፖልን አንዱን ገደል ማውጣት ማለት ሰባት ቶን የሚመዝን መድፍ በጠፍር እየሳቡ ከሰበታ እስከ ወጨጫ አናት ማድረስ ማለት ነው። ያውም ሁለት ጊዜ።

በአንዱ አቀበት ላይ የሚሠራው ሥራ 68,600 በ1,000 ሲባዛ 68,600,000 ጁል ነው። መድፉን ቀጥ አድርጎ ማንሣት ስለማይቻል ንጉሡ በገደሉ ወገብ ላይ የሚጠማዘዝ መንገድ አስቈረጡ። ጥቅሙ ይህ ነው፦ ለምሳሌ መንገዱ በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፥ የሚያስፈልገው ኀይል ወደ አንድ ዐሥረኛው፥ ማለት ወደ 6,860 ኒውተን ይወርዳል፤ የሚሄዱት ርቀት ግን ዐሥር እጥፍ ይሆናል። ሥራው ያው ነው፤ በኀይል ያተረፉትን በርቀት ይከፍሉታል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ 140 ኒውተን ያህል ይጐትታል ብንል ኀምሳ ሰው በበቃ ነበር። መድፉን በአቀበት ላይ የሳቡት ግን አምስት መቶ ሰዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። የቀሩት አራት መቶ ኀምሳ ሰዎች ምን ይሠሩ ነበር?

መልሱ ሰበቃ ነው። ከባድ መንኰራኵር በአዲስ በተቈረጠ መንገድ ላይ አፈሩን ይሰምጣል፥ ድንጋዩን ይፈጫል፥ እንጨቱም በእንጨት ላይ ይፋጫል፤ በዚህ የሚጠፋው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ጠፍሩን በጐን የያዘ ሰው ኀይሉ ሁሉ ወደ ፊት አይሄድም። ሁሉም ባንድ ጊዜ አይስብም። መድፉ በቆመ ጊዜም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጠፍሩን ወጥሮ መያዝ ነበረባቸው፤ ያን ጊዜ ክንዳቸው ይዝላል፥ የበሉትም እህል ይቃጠላል፥ በፊዚክስ ሒሳብ ግን ሥራቸው ዜሮ ነው።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አገኘሁ። 68,600,000 ጁሉን ለአምስት መቶ ሰው ብናካፍለው ለአንዱ የሚደርሰው 137,200 ጁል ብቻ ነው፤ ይህም ሰው በቀን ከሚመገበው እህል ጉልበት ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግን የገዛ ሰውነቱን ብቻ ይዞ ያንኑ አቀበት ሲወጣ 588,000 ጁል ይሠራል። ስለዚህ የንጉሡ ወታደር ከመድፉ ድርሻው ይልቅ ራሱን ለማውጣት ከአራት እጥፍ የሚበልጥ ሥራ ሠርቶአል። ጡንቻችንም ከምንበላው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው እጅግ ቢበዛ ሩቡን ያህል ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በላብ ይወጣል። በዚህ ላይ መንገዱን መቍረጡ፥ ቋጥኙን መፍለጡ፥ ሌሎቹን መድፎችና ጥይቱን ማመላለሱ አለ። የጕዞው ትልቁ ዕዳ መድፉ አልነበረም፤ የሰዎቹ ቀለብ ነበር።

ቍልቍለቱ ደግሞ ከአቀበቱ ይብስ ነበር። ከፍ ያለ ዕቃ እምቅ ጉልበት አለው፤ ከለቀቁት ይህ ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ይለወጣል። ጠፍር ተበጥሶ ሴባስቶፖል ያለ ሰበቃ 20 ሜትር ከፍታ ቢወርድ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር፤ ከፊቱ የነበረውን ሰው ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ ሰዎቹ ከኋላ ሆነው ጠፍሩን በሙሉ ክብደታቸው ወደ ራሳቸው እየሳቡ በዝግታ አወረዱት። ንጉሡም ማለዳ ተነሥተው በገዛ እጃቸው ይሠሩ ነበር። አንዳንድ ቀን ከጥቂት ኪሎ ሜትር አያልፉም። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው፤ ጕዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

ሥራው በምን ያህል ጊዜ እንደ ተሠራ ሲታይ አቅም የሚባለው ይመጣል። ከሰበታ በጅማ መንገድ ሲያልፍ የምናየው ባለ 200 የፈረስ ጉልበት የጭነት መኪና፥ ሰበቃውን ካልቈጠርን፥ ያን አንድ አቀበት በስምንት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር በተነሣበት በዚያው ጥቅምት ወር የእንግሊዝ የቅድሚያ ጓድ በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወርዶ ነበር። አዛዡ ጀኔራል ናፒየር በታኅሣሥ ደረሱ፤ ወታደሩም 13,000 ያህል ነበረ። እነርሱም ከባድ መድፍ ነበራቸው፤ ግን ከወደቡ እስከ ተራራው ሥር የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፥ ከዚያ በኋላ ከሕንድ ያመጡአቸው 44 ዝሆኖች ተሸከሙላቸው። አንዱ ወገን የከሰልንና የዝሆንን ጉልበት ሲያሠራ ሌላው የሰውን ትከሻ ብቻ ያሠራ ነበር። ይሁን እንጂ ልዩነቱ በመሣሪያ ብቻ አልነበረም። እንግሊዞች እህሉንና የከብቱን መኖ በማርትሬዛ ብር ስለ ገዙ ገበሬው እየመጣ ሸጠላቸው፤ የትግሬው ካሣም፥ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የተባሉት፥ አሳለፉአቸው። የጡንቻ ጉልበት ምንጩ የገበሬው ጐተራ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ያን ጐተራ ጠላት አድርገውት ነበር። እንግሊዞች ጅጣና በሽሎ ሲደርሱ ገደሉን የወረዱት ደግሞ ንጉሡ ለሴባስቶፖል ብለው ባስቈረጡት መንገድ ነው። ያ ሁሉ ላብ ከፈሰሰበት ሥራ ለጦርነቱ የጠቀመው መንገዱ ነበር፤ የጠቀመውም ጠላትን ነው። ይህን ሳነብ ደብተሬን ለጥቂት ጊዜ ዘግቼው ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ. ም.፥ በዕለተ ስቅለት፥ ከመቅደላ በታች አሮጌ ሜዳ ላይ ተዋጉ። ከፋላ ተራራ ወደ ታች የተተኰሱት የንጉሡ መድፎች አሩር አብዛኛው ከጠላት ራስ በላይ አልፎ ወደቀ። ሴባስቶፖል በእንግሊዝ ጦር ላይ ያደረሰው ጉዳት የለም። ፊታውራሪ ገብርዬ እየመሩ ወደ ሜዳው የወረዱት ጀግኖች ግን ፈጥኖ በሚጐርሰው የእንግሊዝ ጠመንጃ ፊት ወደቁ፤ ገብርዬም በዚያው ሞቱ። ከኢትዮጵያውያን ሰባት መቶ ያህል ሲሞቱ ከእንግሊዞች በቍስል የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቁ። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ እጅ መስጠትን ንቀው፥ ቀድሞ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። የሰባት ዓመቱን ልጃቸውን ዓለማየሁን እንግሊዞች ይዘውት ሄዱ፤ በ1872 ዓ. ም. በዚያው አገር ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። የመቅደላን መጻሕፍት፥ መስቀልና ዘውድም ዘርፈው በዐሥራ አምስት ዝሆኖችና ሁለት መቶ በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው፥ በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

ሴባስቶፖልን አልወሰዱትም። ቅርጹን ለማየት የሚሻ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን አምሳያ ያያል፤ ራሱ መድፉ ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ ነው፤ አምስት መቶ ሰው የሰጠውን እምቅ ጉልበት እንደ ያዘ ከበሽሎ ገደል በላይ ተጋድሞአል።