ሊ ቢንግ፤ ሚን ወንዝን የገራው አገረ ገዥ

በቻይና ሕዝብ አፈ ታሪክ ከሰው ተራ ወጥተው ከአማልክት የተቈጠሩ ጀግኖች ብዙ ናቸው። ከእነርሱም የሚበዙት በጦር ሜዳ ወይም በምናኔ ስም ያተረፉ ሲሆኑ፣ በሲቹዋን ቤተ መቅደስ የቆመለት ሊ ቢንግ ግን ለዚህ ክብር የበቃው በቦይና በክትር ሥራ ነው። ሥራውና ስለ እርሱ የሚነገረው ተረት ከ22 ምዕተ ዓመታት በላይ አብረው ዘልቀዋል። አንዱ ሌላውን እንዴት ደግፎ እንዳሻገረው መመርመር በግንባታ ሙያ ለተሠማራ ሁሉ ይጠቅማል።

የቺን መንግሥት የዛሬውን የሲቹዋን ሜዳ የያዘውን የሹን አገር ድል የነሣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ316 ዓመት ነው። ሊ ቢንግ የዚህ አገር ገዥ ሆኖ የተሾመው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ታላቁን የውሃ ሥራ የጀመረበት ጊዜ በተለምዶ 256 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ይባላል። ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን ስለ እርሱ የተወው ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ ይኸውም አለት ቈርጦ የጎርፍን ጉዳት እንዳስቀረና በቸንግዱ በኩል ሁለት ቦዮች እንዳሳለፈ ነው። ስለ ልደቱም ሆነ ስለ ወላጆቹ ዜና መዋዕሉ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ የሞላው የሕዝቡ ተረት ነው።

የሚን ወንዝ ከቲቤት አምባ ምሥራቃዊ ዳር ካሉ ተራሮች ተንደርድሮ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በድንገት ይቀንሳል፤ የተሸከመውንም ድንጋይና አሸዋ እዚያው ያራግፋል። ስለዚህ አልጋው በደለል እየተሞላ ውሃው ከዳር ይወጣ ነበር። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የዩሌይ ተራራ መንገዱን ስለሚዘጋው፣ አንዱ ወገን በጎርፍ ሲጠፋ ሌላው በድርቅ ይቃጠል ነበር። የአገሩ ሰው የዚህ መከራ ምክንያት የወንዙ አምላክ ቍጣ ነው ብሎ ያምን ነበር።

በ2ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ሊቅ ኢንግ ሻኦ ጽፎ ባቆየው ተረት እንደሚነገረው፣ ለዚህ አምላክ በየዓመቱ ሁለት ልጃገረዶች ይዳሩለት ነበር። ሊ ቢንግ በተሾመ ጊዜ የራሱን ሁለት ሴቶች ልጆች ሙሽሮች አድርጎ አቀረበ። ወደ መቅደሱም ገብቶ ለአምላኩ ጽዋ አነሣ፤ የራሱን ሲጨልጥ የአምላኩ ጽዋ ግን ሳይነካ ቀረ። ሊ ቢንግም እንደ ተናቀ ቈጥሮ አምላኩን ለፍልሚያ ጠራውና ከዓይን ተሰወረ። ወዲያውም ሁለት በሬዎች በወንዙ ዳር ሲዋጉ ታዩ። ገዥው ላቡ እየተንጠፈጠፈ ተመልሶ ኀይሉ እንደ ደከመና እርዳታ እንደሚያስፈልገው ለሹማምንቱ ነገራቸው፤ ወደ ደቡብ የሚመለከተውና ወገቡ ላይ ነጭ ምልክት ያለው በሬ እርሱ መሆኑንም አስታወቃቸው። ጸሐፊው ሌላውን በሬ ወግቶ ገደለው፤ የሙሽሮቹም ግብር በዚያው ቀረ።

በዚህ ተረት ሁለት ነገሮች ልብ ይባላሉ። ገዥው በሕዝቡ ልጆች ላይ የሚደርሰውን አደጋ አስቀድሞ በራሱ ልጆች ላይ አደረገ፤ ደግሞም ወንዙን ብቻውን ድል አልነሣም። ተራራ የሚያስቈርጥ ሹም በእርግጥም የሕዝቡን እምነትና ክንድ ሳያገኝ ምንም ማድረግ አይችልም።

ሥራው ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የዓሣ አፍ የሚባለው ሹል ክትር ሲሆን፣ ወንዙን በውስጥና በውጭ ለሁለት ይከፍላል። የውስጡ ቅርንጫፍ ጠባብና ጥልቅ፣ የውጩ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ፣ በድርቅ ወራት ከውሃው 60 በመቶ ያህሉ ወደ መስኖው ሲገባ፣ በጎርፍ ጊዜ የሚበዛው በውጩ ያልፋል። ሁለተኛው ትርፉን ውሃ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር መልሶ ወደ ውጭ የሚጥል ዝቅተኛ ማፍሰሻ ነው። ሦስተኛው በዩሌይ ተራራ የተቈረጠው 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው በር ነው። ባሩድ ባልነበረበት በዚያ ዘመን አለቱ በእሳት እየጋለ፣ ውሃ እየተደፋበት እንደ ተሰነጠቀ ይነገራል። ክትሮቹ የተሠሩት ድንጋይ በተሞሉ ረጃጅም የቀርከሃ ቅርጫቶች ነው።

በ4ኛው ምዕተ ዓመት የጻፈው ቻንግ ቹ፣ ሊ ቢንግ ሦስት የድንጋይ ሰዎች በውሃው ውስጥ እንዳቆመ ይናገራል። ከወንዙም ጋር ውል ተደረገ ይባላል፦ ውሃው ሲጎድል ከእግራቸው በታች እንዳይወርድ፣ ሲሞላም ከትከሻቸው በላይ እንዳይወጣ። ለገበሬው ይህ ቃል ኪዳን ነው፤ ለመሐንዲሱ ግን የውሃ ከፍታ መለኪያ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ከወንዙ አልጋ 2.9 ሜትር ቁመት ያለው የሊ ቢንግ የድንጋይ ሐውልት ተገኘ። በላዩ የተቀረጸው ጽሑፍ በ168 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. እንደ ተሠራና ከሦስቱ የድንጋይ ሰዎች አንዱ እንደ ሆነ ያስረዳል።

ቀርከሃ ይበሰብሳል፤ ደለልም በየዓመቱ ይመጣል። ስለዚህ ውሃው በሚጎድልበት በብርዱ ወራት ወንዙ በእንጨት ጕልቻዎች እየተከተረ አልጋው ይጠረግ ነበር። ጠራጊዎቹ ጥልቀቱን የሚያውቁት ከሥር የተቀበረውን ምልክት ሲያገኙ ነው። በጸደይ መግቢያ ውሃው ሲለቀቅ ለሊ ቢንግ መሥዋዕት ይቀርባል። አልጋው በጥልቀት እንዲጠረግ፣ ማፍሰሻውም ከፍ እንዳይል የሚያዝዘው ደንብ በመቅደሱ ድንጋይ ላይ በስድስት ፊደላት ተቀርጿል። የኋለኛው ዘመን ተረት ደግሞ ኤርላንግ የሚባል ሁለተኛ ልጅ ሰጥቶት፣ ዘንዶውን አስሮ በጥልቁ ውሃ ያስቀመጠው እርሱ ነው ይላል፤ ቤተ መቅደሱም የሁለቱ ነገሥታት ይባላል። ዘንዶው በሰንሰለት ታሰረ እንጂ ስላልሞተ፣ ጥበቃው እንዳይቋረጥ ተረቱ ራሱ ያሳስባል።

ይህን ትምህርት ችላ ብለው ሥራውን በአንድ ጊዜ ለዘለዓለም ለመጨረስ የሞከሩ አልጠፉም። በ14ኛው ምዕተ ዓመት ታላቅ የብረት ኤሊ፣ በ16ኛው ደግሞ የብረት በሬዎች ቀልጠው ተሠርተው በዓሣ አፉ ላይ ተተከሉ። ወንዙ ግን ከሥራቸው እየሸረሸረ ውሎ አድሮ ወሰዳቸው። በየዓመቱ የሚታደሰው ቅርጫት ከብረቱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

ዛሬ የዓሣ አፉ በሲሚንቶ ታንጿል፤ የእንጨቱን ጕልቻም የብረት መዝጊያ ተክቶታል። የሥራው ሐሳብ ግን አልተለወጠም። ዱጂያንግያን የሚባለው ይህ የውሃ ሥራ በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከ600,000 ሔክታር በላይ መሬትም ያጠጣል። በ2008 የደረሰው ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የሁለቱን ነገሥታት ቤተ መቅደስ ክፉኛ ሲጎዳ፣ የዓሣ አፉ ከመሰንጠቅ አልፎ አልፈረሰም፤ ውሃውም መከፈሉን ቀጠለ። ሊ ቢንግን ያከበሩት ትውልዶች በየዓመቱ አካፋ ይዘው ወደ ወንዙ አልጋ የወረዱት ናቸው፤ ስማቸውን የመዘገበ ባይኖርም ሥራው የቆመው በእነርሱ ነው።