ዮሐንስ ኬፕለርና ስምንቱ ደቂቃ

ዮሐንስ ኬፕለር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1571 ዓ. ም. በጀርመን አገር ተወለደ። በልጅነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን ስላደከመው ከዋክብትን አጥርቶ ለማየት አልታደለም፤ የሰማዩን ልክ ከሌላ ሰው ማግኘት ነበረበት። በ1600 ፕራግ ሄዶ ለቲኮ ብራሄ ረዳት ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ቲኮ ሲሞት የብዙ ዘመን መዝገቡ ለኬፕለር ቀረ።

የጥንት ሊቃውንት ፕላኔቶች በፍጹም ክብ መንገድ ይዞራሉ ይሉ ነበር። ኬፕለርም ለማርስ ክብ መንገድ ቀምሮ ከመዝገቡ ጋር ቢያስተያየው ልዩነቱ ስምንት ደቂቃ ሆነ፤ ይኸውም የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን ደቂቃ፥ ከአንድ ዲግሪ ሰባተኛ እጅ ያነሰ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በቸልታ ባለፈው ነበር። እርሱ ግን ቲኮ ይህን ያህል አይስትም ብሎ የደከመበትን ሥራ ራሱ አፈረሰው። በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ መንገዱ ሞላላ መሆኑን፥ ፀሐይም ከመካከሉ ፈቀቅ ብላ መገኘቷን፥ ፕላኔቱም ወደ እርሷ ሲቀርብ መፍጠኑን ገለጠ።

ኑሮው ግን አልተቃናለትም። እናቱ በጠንቋይነት ተከሳ ብትታሰር ተሟግቶላት በ1621 ተፈታች። እርሱም በ1630 ያልተከፈለውን ገንዘብ ለመጠየቅ እንደ ወጣ ሬገንስቡርግ ላይ ሞተ።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ሐሳባችን ከማስረጃው ጥቂት ሲለይ ማስረጃውን ለማጣመም እንቸኩላለን። ያን ጊዜ ስምንቱን ደቂቃ ብናስታውስ መልካም ነው።