የወፎቹ ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ

በ1919 ዓ.ም. ዛሬ ካዛንቺስ የምንለው ሠፈር ስሙም ገና አልነበረም። ስሙ የመጣው ኋላ፣ በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው። በዚያ በ1919 ዓ.ም. ነው እንግዲህ አንድ አሜሪካዊ የቀለም ሣጥኑንና ጠመንጃውን ይዞ በጂቡቲ በኩል በባቡር አዲስ አበባ የገባው። ሰውየው ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ ይባላል። እኛም የእርሱን ሕይወት የመረጥነው፣ ወፍ ማየት የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚለው ወሬ በመኝታ ቤታችን ስለበዛ ነው።

ፉዌርቴስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1874 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኢታካ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ከፖርቶ ሪኮ የመጡ፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና መምህር ነበሩ። ልጁ ግን ከምህንድስናው ይልቅ ልቡ ከወፍ ጋር ሄደ። ትንሽ ልጅ ሳለ ወላጆቹ ወጥ ቤት ቢገቡ በሕይወት ያለ ጉጉት በአንድ እግሩ ከጠረጴዛው ጋር ታስሮ አገኙ ይባላል። እኛ አገር ጉጉት ቤት የሚያስገባ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው ታውቃላችሁ! እርሱ ግን ከከተማው ቤተ መጻሕፍት የአውዱቦንን ትልልቅ የወፍ ሥዕሎች እየገለጠ እያየ አደገ። ዩኒቨርሲቲውን እ.ኤ.አ. በ1897 ጨረሰ፣ በ1899 ከሳይንቲስቶች ጋር ወደ አላስካ ሄደ፣ ከዚያም ሜክሲኮን፣ ጃማይካንና ኮሎምቢያን ዞረ።

ወደ አገራችን ያመጣው የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ከቺካጎ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ ጋር ሆኖ የላከው ቡድን ነው። መሪው ዊልፍሬድ ኦስጉድ ሲሆን፣ አልፍሬድ ቤይሊ የሚባለው ባልደረባቸው ደግሞ ፎቶግራፍና ፊልም ያነሣ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም በክብር ተቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ረጅም ነው፤ አርሲ፣ ባሌ፣ ጎጃም፣ ጣና፣ ጎንደር፣ ስሜን፣ በመጨረሻም ሱዳን።

ካሜራ ካለ ሠዓሊ ለምን አስፈለገ? እኛም ይህንኑ ጠይቀናል። የዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ትንሽና ድንጉጥ ወፍን ለማንሣት ደግሞ በጣም መቅረብ ይጠይቃል። ሌላም ምክንያት አለ። ወፍ ከሞተ በኋላ ላባው ቀለሙን ይዞ ይቆያል፣ የዓይኑ፣ የመንቁሩና የእግሩ ቀለም ግን ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። ስለዚህ ፉዌርቴስ ወፉን እንደ ገደለ ተቀምጦ መሣል ነበረበት፤ ሲደክመውም፣ ሲመሽበትም። እንዲህ እያለ ከ100 በላይ ሥዕሎችን ሠራ። ሥዕሎቹ ግን የሞተ ወፍ አይመስሉም፤ ምክንያቱም ወፉ በሕይወት ሳለ እንዴት እንደሚቆም፣ አንገቱን እንዴት እንደሚያዞር አስቀድሞ ያጠና ነበር። ድምፃቸውንም በፉጨት አሳምሮ ይመስል ነበር።

መግደሉን ስናነብ አንዳንዶቻችን ቅር ብሎናል። ሌላ መንገድ አልነበረም ለማለትም አንደፍርም፤ ቤይሊ ካሜራውን ይዞ አጠገቡ ነበርና። ብቻ ነገሩ ቀላል አለመሆኑን እኛም ቀምሰነዋል። ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ ስንወርድ ከአንድ ግቢ ጥድ ሥር አንዲት ግራጫ፣ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ዝንብ ትለቅም ነበር፤ ዘሯ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ የትም የለም። በተውሶ ስልክ አነጣጠርን፣ አንድ እርምጃ ተጠጋን፣ ፎቶው ላይ የቀረው ቅርንጫፉ ብቻ ነው! በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ብዙው ሲፈርስ ስንት እንዲህ ያለ ዛፍና አጥር አብሮ እንደ ሄደ ማን ቆጠረው?

ፉዌርቴስ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 1927 ሥዕሎቹን ለወዳጁ ለፍራንክ ቻፕማን አሳይቶ ከሚስቱ ጋር በመኪና ሲመለስ፣ ኡናዲላ በምትባል ከተማ አጠገብ ሐዲድ ሲያቋርጥ ባቡር ገጨው። የተጫነ ድርቆሽ እይታውን ጋርዶት ነበር ይባላል። እርሱ ወዲያው ሞተ፣ ሚስቱ ቆሰለች፤ ዕድሜው 53 ነበር። የኢትዮጵያ ሥዕሎቹ ግን ከመኪናው ተወርውረው ወድቀው ምንም ሳይሆኑ ተገኙ። ሙዚየሙ ከነሱ 32ቱን መርጦ እ.ኤ.አ. በ1930 በአልበም አሳተመ።